ስም የሌለው ሊድ ጊታር፦ ከመሸጥዎ በፊት አንገቱን ይለኩ

ጥያቄ፦ «በአዳማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ለ6 ዓመት ያህል ቦክስ ጊታር ስጫወት ቆይቼ ከ8 ወር በፊት የስትራቶካስተር ቅርጽ ያለው፣ የታወቀ ስም የሌለው ሊድ ጊታር ከአዲስ አበባ ገዛሁ። ክሮቹን በስልኬ መቃኛ አንድ በአንድ አስተካክዬም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍሬቶች (አንገቱን በሚያቋርጡት ብረቶች) ላይ የምይዛቸው ኮርዶች ጆሮ ይጎረብጣሉ። ከ12ኛው ፍሬት በላይ ደግሞ ቀጫጭኖቹ ክሮች ዝዝ ይላሉ። አምፕሊፋየር ላይ ስሰካው ያጉረመርማል፤ ክሩን ስይዘው ግን ይቀንሳል። ጓደኛዬ ይህን ሸጬ ያገለገለ ግን ስም ያለው ጊታር እንድገዛ ይመክረኛል፤ ሻጭም አግኝቶልኛል። ችግሩ ጊታሩ ነው ወይስ እኔ? ገንዘብ ላውጣበት ወይስ ልለውጠው?»

ምላሽ፦ መልሱን አስቀድሜ ልስጥዎና ወደ ምክንያቱ እመለሳለሁ። የገለጹልኝ ሦስቱም ነገሮች ርካሽ ጊታር ከፋብሪካ ወጥቶ ማንም ሳያስተካክለው ተጫዋቹ እጅ ሲገባ በየጊዜው የሚታዩ ናቸው። ሦስተኛው ከነጭራሹ ብልሽት ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያው ላይ የእርስዎ ጣትም ጥቂት ድርሻ እንዳለው እጠረጥራለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እገልጻለሁ። ስለዚህ ቀጥሎ የምጽፋቸውን ጥቂት ልኬቶች በሜትር፣ በወረቀትና በባንክ ካርድ እስኪወስዱ ድረስ ጊታሩን አይሽጡት። ልኬቱ አንገቱ ጤነኛ መሆኑን ካሳየ ያስጠግኑት፤ አንገቱ የተጣመመ ከሆነ ግን አንድ ብር እንኳ ሳይጨምሩበት ቢለውጡት ይሻላል።

ሁሉንም ነገር በአንገቱ ላይ የማንጠለጥለው በራሴ ስህተት ስለተማርኩ ነው። ወደ ጊታር ጥገና የመጣሁት ከሬዲዮና ከቴፕ ጥገና ስለነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደንበኛ «ድምፁ አላማረኝም» ባለኝ ቁጥር ካቻቢቴ አንሥቼ ቀድሜ የምከፍተው የኤሌክትሪክ ክፍሉን ነበር። ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል) ቀይሬ፣ ሽቦውን እንደገና በይጄ የመለስኩት ጊታር በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ ቅሬታው ያው ነበር። ቀስ እያልኩ የተረዳሁት፣ በርካሽ ጊታር ላይ ፒካፑም፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውም፣ መቃኛ ቁልፎቹም፣ ክሮቹ በአካሉ በኩል የሚያርፉበት ብሪጁም በየተራ ሊቀየሩ እንደሚችሉና አንገቱ ግን ከተበላሸ ለማቅናት የሚጠየቀው ድካም ከጊታሩ ዋጋ እንደሚበልጥ ነው። ገዢዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያዩት ቀለሙን፣ ቀጥሎም ራሱ ላይ የተጻፈውን ስም ነው።

እንግዲህ ከርዝመት እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ የቀረበው የፌንደር ኩባንያ ስትራቶካስተር የክሩ ርዝመት ከነቱ እስከ ብሪጁ 648 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቅርጹን የኮረጁት ጊታሮች አብዛኞቹ ይህንኑ ልክ ይከተላሉ። ነት የምለው በጊታሩ ራስና በአንገቱ መጋጠሚያ ላይ ያለችውን፣ ስድስቱ ክሮች በየቦያቸው የሚያርፉባትን ትንሽ ነጭ ቁራጭ ነው። በብረት ሜትር ከነቱ የፊት ጠርዝ እስከ 12ኛው ፍሬት አናት ሲለኩ 324 ሚሊሜትር፣ እስከ 5ኛው 162.5፣ እስከ 7ኛው ደግሞ 215.5 ሚሊሜትር ገደማ ሊያገኙ ይገባል። ከ12ኛው ፍሬት እስከ ብሪጁ ያለው ርቀት ከ324 ጥቂት ሚሊሜትር ቢረዝም አይደንግጡ፤ ክር ሲጫኑት ስለሚወጠር ያን ለማካካስ ሆን ተብሎ የሚተው ነው። ዛሬ የፍሬት ቦይ የሚቀረጸው በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን በመሆኑ በርካሽ ጊታር ላይ እንኳ ፍሬት ቦታውን ስቶ ሲገኝ ብዙ አላየሁም። ቢሆንም ልኬቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከተሳሳተም ምንም ዓይነት ጥገና ስለማያድነው ቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

ቀጥሎ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይንዎ አስጠግተው ከብሪጁ በኩል ወደ ራሱ እያነጣጠሩ የአንገቱን ሁለት ጠርዞች ይመልከቱ። ሁለቱም ጠርዞች አንድ ዓይነት መስመር ይዘው ከሄዱ አንገቱ አልተጣመመም። አንዱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ሌላው የሚጎብጥ ከሆነ ግን አንገቱ እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ዞሯል ማለት ነው፤ ይህ በቀላሉ የሚቃና ነገር አይደለም። በሁለቱም በኩል እኩል የሆነ ትንሽ ጉብጠት ግን ጤናማ ነው፤ እንዲያውም ያስፈልጋል። ልኩን ለማወቅ ወፍራሙን ክር በግራ እጅዎ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በቀኝ እጅዎ ደግሞ አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት 17ኛው ፍሬት አካባቢ ይጫኑት። የተወጠረው ክር እንደ ማስመሪያ ያገለግልዎታል። በ7ኛው ወይም በ8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ወደ 0.25 ሚሊሜትር ይሁን። አንድ ተራ የጽሕፈት ቤት ወረቀት ወደ 0.1 ሚሊሜትር ስለሚወፍር፣ ሁለት ወይም ሦስት ወረቀት ደርበው ሳያጎብጡት ካለፈ በቂ ነው። ስድስትና ሰባት ወረቀት ከገባ አንገቱ ወደ ፊት ብዙ ጎብጧል፤ አንድም ካልገባ ወደ ኋላ ተለጥጧል።

ይህን የሚያስተካክለው በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው ትራስ ሮድ የሚባለው የብረት ዘንግ ነው። መክፈቻው በአብዛኛው ራሱ ላይ ከነቱ ጀርባ፣ አንዳንዴም አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት ጫፍ ይገኛል፤ የሚዞረውም በብሩጎላ ነው። ወደ ቀኝ ሲያጠብቁት ጉብጠቱ ይቀንሳል፤ ወደ ግራ ሲያላሉት ይጨምራል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አያስበልጡ፤ ክሩን መልሰው ቀኝተው እንጨቱ እስኪረጋጋ ይጠብቁና እንደገና ይለኩ። ከዚህ ሁሉ ልኬት አንድ ብቻ እንድመርጥ ብገደድ የምመርጠው ይህንን ነው፦ ብሎኑ ሲዞር እጅዎ ላይ ለስላሳ ግን ጽኑ መቋቋም ይሰማዎታል? ጭራሽ አልዞር ካለ፣ ወይም ምንም ሳይዝ በባዶ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ያ አንገት በሽተኛ ነው።

በዚህ ላይ የከተማችን አየር የራሱ ድርሻ አለው። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች፣ በበጋ ደረቅና ነፋሻ ከተማ ናት። በአዲስ አበባ ክረምት ተገዝቶ ወደዚህ የወረደ ጊታር በጥርና በየካቲት እርጥበቱን ሲያጣ የጣት ሰሌዳው (ፍሬቶቹ የተተከሉበት እንጨት) በስፋት በጥቂቱ ይኮማተራል፤ ብረቱ ግን አይኮማተርምና የፍሬቶቹ ጫፎች ከአንገቱ ጠርዝ ወጥተው እጅ ይቧጭራሉ። ይህን ያዩ ሰዎች «ጊታሩ ተበላሸ» እያሉ ያመጡልኛል፤ ሥራው ግን በጥሩ ሞረድ የግማሽ ቀን ነው። የጣት ሰሌዳው ጠቆር ያለ፣ ቫርኒሽ ያልተቀባ እንጨት ከሆነ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ለዚሁ የተዘጋጀ ዘይት በስሱ ይበቃዋል። አንድ ደንበኛዬ በቤቱ ያለውን የኑግ ዘይት ቀብቶት ነበር፤ ዘይቱ እየሰባ ሄዶ ክሮቹ ሥር ሙጫ ሠርቶ ሳጸዳው መላ ሱቁ የገበያ ቀን ወፍጮ ቤት ሸተተ። ጊታርዎን በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ወይም ሚኒባስ መስኮት ሥር አይተዉት፤ የምግብ ዘይትም አይቀቡት።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዎ እንምጣ። ክሮቹ ክፍት ሲመቱ ልክ ሆነው በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ3ኛው ፍሬት ላይ ብቻ ኮርዱ የሚጎረብጥ ከሆነ፣ በአብዛኛው ጥፋተኛው ነቱ ነው። ፋብሪካዎች ርካሽ ጊታር ላይ የነቱን ቦዮች ጥልቅ አድርገው አይቆርጡም፤ ብዙ ከተቆረጠ ክፍት ክር ዝዝ ስለሚል ለጥንቃቄ ከፍ አድርገው ይተዉታል፤ እያንዳንዱን ቦይ በእጅ መጨረስም የሰው ጊዜ ይፈልጋል። ክሩ ነቱ ላይ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ 1ኛውን ፍሬት ለመጫን ክሩን ብዙ ወደ ታች ማውረድ ይኖርብዎታል፤ ብዙ ሲወርድ ይወጠራል፤ ሲወጠር ድምፁ ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል። ወደ 5ኛውና ወደ 7ኛው ሲሄዱ የነቱ ከፍታ የሚያመጣው ጫና እየቀነሰ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው ላይኛው ላይ የማይሰማዎት።

ለማረጋገጥ እያንዳንዱን ክር በ2ኛውና በ3ኛው ፍሬት መካከል ይጫኑና ክሩ ከ1ኛው ፍሬት በላይ ምን ያህል እንደሚንሳፈፍ ይዩ። ከአንድ ወረቀት ውፍረት ብዙም ያልበለጠ፣ በጣት ጥፍር መታ ሲያደርጉት «ትክ» የሚል ጭላንጭል ካለ ጥሩ ነው። ሦስት አራት ወረቀት ካስገባ ነቱ ከፍ ብሏል። ከዚያ መቃኛውን ከፍተው ክሩን በመደበኛው 440 ኸርዝ መሠረት ከቃኙ በኋላ 1ኛውን ፍሬት ድምፅ እስኪወጣ ብቻ በጣም በስሱ ይጫኑ። መርፌው ያኔም ወደ ቀኝ ከ10 ሴንት በላይ ካመለከተ፣ ማለትም ከግማሽ ድምፅ አንድ አሥረኛ በላይ ከፍ ካለ፣ ነቱን ይክሰሱ። በስሱ ሲጫኑት ልክ ሆኖ እንደ ልማድዎ ሲይዙት ከፍ የሚል ከሆነ ግን ጥፋቱ የጣትዎ ነው።

የጣትዎን ድርሻ የጠረጠርኩት ከቦክስ ጊታር በመምጣትዎ ነው። በብረት ክር የሚሠራ ቦክስ ጊታር ላይ ሦስተኛው ክር፣ ጂ የሚቃኘው፣ ላዩ ሽቦ የተጠመጠመበት ወፍራም ክር ነው፤ በሊድ ጊታር ላይ ግን በአብዛኛው ባዶ ሽቦ ነው፤ በግፊት ድምፁ ቶሎ ይሸሻል። ስድስት ዓመት ወፍራም ክር ሲጫን የኖረ እጅ ቀጭኑን ክር ሳያውቀው ይጎትተዋል። የኢ ሜጀር ኮርድ ሲይዙ በዚሁ ሦስተኛ ክር 1ኛ ፍሬት ላይ ያለችው ድምፅ ከሁሉ በላይ የምትጎረብጥዎ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ነቱ ከተስተካከለ በኋላ በሁለት ሦስት ሳምንት እጅዎ ይለምዳል።

የእኛን ቅኝት ለሚጫወት ሰው ይህ ጉዳይ ከሌላው የበለጠ ይከብዳል። ለምሳሌ አምባሰልን ከኢ ቢጀምሩ ድምፆቹ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ ናቸው። በጊታሩ አናት ላይ ሲፈልጓቸው ኢ ክፍት ክር፣ ኤፍ የዚያው ክር 1ኛ ፍሬት፣ ኤ እና ቢ ክፍት ክሮች፣ ሲ ደግሞ የቢ ክር 1ኛ ፍሬት ላይ ይገኛሉ። ማለትም ቅኝቱ በሙሉ ወይ ክፍት ክር ወይ 1ኛ ፍሬት ነው፤ የአምባሰልን ጠረን የምትሰጠው ያች የመጀመሪያዋ ጠባብ ግማሽ ድምፅም የምትገኘው ነቱ አጠገብ ነው። አንቺ ሆዬም ከዚያው ከኢ ሲነሣ ኤፍን ይጋራታል። ጓደኛዎ በሮክ ኮርድ ሞክሮት «ደህና ነው» ያለው ጊታር በእርስዎ አምባሰል ላይ ቢጎረብጥ ጆሮዎን አይጠራጠሩ።

ነት ራሴ የምሠራው ከበሬ አጥንት ነው። ከሥጋ ቤት የማመጣውን ቅልጥም መቅኔውን አውጥቼ፣ ስቡ እስኪለቅ ቀቅዬ፣ ለሳምንታት ጥላ ሥር አደርቀውና በመጋዝ እሰነጥቀዋለሁ። ቦዩን በቀጭን ሞረድ ስስብ ነጭ ዱቄቱ ጥፍሬ ሥር ይገባል፤ የጥርስ ሐኪም ቤት የመሰለ ሽታም አለው። ሦስት ጊዜ ሞርጄ ክሩን መልሼ አስቀምጣለሁ፤ በወረቀት እለካለሁ፤ እንደገና ሁለት ጊዜ እሞርዳለሁ። አንድ ጊዜ ማብዛት ማለት እንደገና ከሌላ አጥንት መጀመር ማለት በመሆኑ የሚቸኩል ሰው ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ በቤትዎ በመላጫ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እንዳይሞክሩት እመክራለሁ። ፕላስቲኩ ነት ራሱ በሚገባ ከተሞረደ መለወጥ ላያስፈልግ ይችላል። ክር ሲቃኙ «ትክ» የሚል ድምፅ እየሰጠ የሚዘል ከሆነ ቦዩ ክሩን ነክሶታል ማለት ነው፤ የመጻፊያ እርሳስ ቀጥቅጠው ጥቁሩን ዱቄት ቦዩ ውስጥ ቢያደርጉ ለጊዜው ያላላዋል።

ከ12ኛው ፍሬት በላይ የሚሰማው ዝዝታ ቀላሉ ነው። በ12ኛው ፍሬት ላይ በወፍራሙ ክርና በፍሬቱ መካከል ሁለት የባንክ ካርድ ደርበው ያስገቡ። የአንድ ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊሜትር ስለሆነ ሁለቱ 1.5 ይሆናሉ። ሁለቱ ገብተው ትንሽ ክፍተት ከቀረ የወፍራሙ ክር ከፍታ ትክክል ነው፤ ሦስተኛውም ከገባ በዝቷል። ቀጭኑ ክር ሁለቱን ካርዶች ልክ ቢነካ ይበቃል። ከዚህ ዝቅ ያለ ከሆነ ብሪጁ ላይ ክሩ የተቀመጠባትን ትንሽ ኮርቻ በቀጭን ብሩጎላ ጥቂት ከፍ ያድርጓት። ከፍታው ደህና ሆኖ በተወሰነ ፍሬት ላይ ብቻ ዝዝ የሚል ከሆነ ግን የካርዱን ጠርዝ በሦስት ተከታታይ ፍሬቶች ላይ አጋድመው ያወዛውዙት፤ እንደ አንካሳ ወንበር ከተወዛወዘ መካከለኛው ፍሬት ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሏል፤ መሞረድ ይኖርበታል። በአምፕሊፋየር ውስጥ የማይሰማ፣ በጆሮ ብቻ የሚሰማ ትንሽ ዝዝታን ግን ቢተዉት ይሻላል። ሁሉንም ዝዝታ ለማጥፋት ክሩን ከፍ አድርገው ጣታቸውን የሚያደሙ ተማሪዎች አሉ።

ከፍታው ከተስተካከለ በኋላ አዲስ ክር አስገብተው የ12ኛውን ፍሬት ድምፅ ከክፍቱ ክር ጋር በመቃኛ ያወዳድሩ፤ ልክ አንድ ኦክታቭ መሆን አለበት። ከፍ ካለ ኮርቻዋን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ነቱ ይግፏት። በአሮጌ ክር ይህን ማስተካከል ጊዜ ማባከን ነው፤ የዛገና የቆሸሸ ክር በየቦታው ክብደቱ እኩል ስላልሆነ ድምፁን አይጠብቅም። የስትራቶካስተር ዓይነት ብሪጅ የሚወዛወዝ ዘንግ ካለውና ዘንጉን የማይጠቀሙበት ከሆነ፣ ከጀርባ ያለውን ክዳን ፈትተው ስፕሪንጎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች በማጥበቅ ብሪጁ አካሉ ላይ ተለጥፎ እንዲቀመጥ ያድርጉት። ቅኝት የመጠበቅ ችግርዎ ግማሹ በዚህ ብቻ ሊቃለል ይችላል።

ስለ ማጉረምረሙ ብዙ አይጨነቁ። የእርስዎ ጊታር ላይ ያሉት ሦስቱ ፒካፖች አንድ ጥቅል ያላቸው፣ ሲንግል ኮይል የሚባሉት ሳይሆኑ አይቀሩም። እነዚህ የክሩን እንቅስቃሴ የሚይዙበት ሽቦ የቤቱን የ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ ሞገድም ይይዛል፤ በጣም ውድ በሆነው ጊታር ላይም እንዲሁ ነው። ሴት ላቨር የተባለው የጊብሰን ጊታር ኩባንያ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ጥቅል በተቃራኒ አጋጥሞ ሃምበከር የተባለውን ፒካፕ የሠራው ይህንን ለማስቀረት ነው። ክሩን ሲይዙት ድምፁ መቀነሱ ክሮቹ ከግራውንድ (ከመሬት መስመሩ) ጋር መያያዛቸውን የሚያሳይ መልካም ምልክት ነው። ክሩን መንካትዎ ምንም ለውጥ ባያመጣ ኖሮ ወደ ብሪጁ የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል እልዎት ነበር። ከአምፕሊፋየሩ ራቅ ብለው፣ ወደ ጎን ዞር ብለው ይቁሙ፤ ፍሎረሰንት መብራትና የስልክ ቻርጀር አጠገብ አይጫወቱ።

ግን አንድ ነገር በዚሁ ላይ ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። ክሮቹ ከአምፕሊፋየሩ ግራውንድ ጋር መያያዛቸው የሚጠቅመው አምፕሊፋየሩ ራሱ ከምድር ጋር በትክክል ሲገናኝ ነው። በብዙ ቤቶችና አዳራሾች ሶኬቱ የመሬት መስመር የለውም፤ ወይም ሦስተኛው እግር ተቆርጦ በሁለት እግር ማራዘሚያ ይሰካል። አንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ በጄኔሬተር ስንሠራ ጊታር እንደያዝኩ ወደ ማይክራፎኑ ስጠጋ ከንፈሬን የመታኝ ኤሌክትሪክ ለብዙ ቀን ከአፌ አልጠፋም፤ ቮልቴጁ 220 በመሆኑ በትንሽ ዕድለኝነት ነው ያመለጥኩት። ከማይክራፎን ጋር ከመጫወትዎ በፊት መልቲሜትር ያለው ቴክኒሻን በተለዋዋጭ ቮልት ልክ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን ማይክራፎኑ ብረት ላይ አድርጎ ይለካልዎ። ከጥቂት ቮልት በላይ ካሳየ መስመሩ እስኪስተካከል አይጫወቱ።

የተቀረው የኤሌክትሪክ ክፍል ሁለት መስመር ይበቃዋል። የድምፅ መቆጣጠሪያው ሲዞር ቢንኮሻኮሽ ለኤሌክትሪክ መገናኛ የሚሆን ማጽጃ ይነፋበት፤ ኬብሉ የሚሰካበት ጃክ ከላላ ዳዶውን ከማጥበቅዎ በፊት ውስጡ ያለው ሽቦ እንዳይጠማዘዝ ይያዙት። ፒካፑ ሕያው መሆኑን ለማወቅ ኬብሉን ሰክተው በሌላኛው ጫፍ ሬዚስታንስ ሲለኩ፣ ሲንግል ኮይል ከሆነ በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ኪሎ ኦም፣ ሃምበከር ከሆነ ከ7 እስከ 9 ገደማ ያነባል፤ ጨርሶ ካላነበበ ሽቦው ተቆርጧል። ስለ አካሉ እንጨት የሚነገረውን ብዙ አይስሙ፤ ባስውድና ፖፕላር የርካሽ ጊታር እንጨት ተብለው ቢናቁም በጥሩ ጊታሮችም ላይ አሉ።

ስለሚሸጥልዎት ያገለገለ ጊታር ደግሞ። ስም ያለው ርካሽ ጊታር እርባና አለው። ስኳየር እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የፌንደር የርካሽ ምርት ስም ነው፤ ኢፒፎን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የጊብሰን ንብረት ነው፤ የያማሃ ፓሲፊካም እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በጀማሪዎች ዘንድ የተከበረ ነው። ስሙ የሚገዛልዎ ነገር ግን የተሻለ ድምፅ ነው ብዬ አላምንም፤ ከአሥሩ አሥሩ አንድ ዓይነት ሆነው የመውጣታቸውንና ነገ ሊሸጡት ቢፈልጉ ገዢ የማግኘትዎን ዕድል ነው የሚገዙት። ራሱ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ለምሳሌ ጊብሰን ሌስ ፖል የሚል ጊታር አንገቱ በአራት ብሎን ከአካሉ ጋር ከታሰረ ጊብሰን አይደለም፤ የእነርሱ አንገት በሙጫ የተጋጠመ ነው። አስመስሎ የተሠራ መሆኑ ብቻውን ጊታሩን መጥፎ አያደርገውም፤ በእውነተኛው ዋጋ ከተጠየቁ ግን ያሳስባል።

ያገለገለ ጊታር ላይ ከላይ ከጻፍኳቸው ልኬቶች በተጨማሪ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ ከቀጫጭኖቹ ክሮች ሥር ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ድረስ ብረቱ ላይ የተቆፈረ ቦይ አለ ወይ? ጥፍርዎን ሲያንሸራትቱ ከያዘው ጥልቅ ነው፤ ፍሬት መቀየር ከነቱ ሥራ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ሁለተኛ፣ ከነቱ ጀርባ አንገቱ ወደ ራሱ በሚታጠፍበት ቦታ ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ካለ ተሰብሮ የተጣበቀ ሊሆን ስለሚችል በእጅ ባትሪ ይዩት። የራስዎን ኬብል ይዘው ይሂዱ፤ የፒካፕ መምረጫውን በሁሉም ቦታ እያደረጉ ይምቱ፤ ሻጩም ትራስ ሮዱን ሩብ ዙር እንዲያዞሩት ይፍቀድልዎ። እምቢ ካለ ምክንያት ይኖረዋል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ክርና ፒካፕ ዋጋው ስለጨመረ፣ ጊታር ለመለወጥ ያሰቡትን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ለነቱ ሥራ፣ ለአንድ ደህና ኬብልና ለሁለት ጥቅል ክር ምን እንደሚወጣ ያስቡ። ክሩን በ0.009 ኢንች የሚጀምረውን ቢመርጡ ለእጅዎ ይቀላል፤ በ0.010 የሚጀምረው ግን ከቦክስ ጊታር ለመጣ ጠንካራ እጅ ድምፁን ይበልጥ ይጠብቃል፤ እኔ ለእርስዎ የምመርጠው ይህንኛውን ነው። ክሩ ሲወፍር አንገቱን ይበልጥ ስለሚስብና በነቱ ቦይ ውስጥ በልኩ መቀመጥ ስላለበት ነቱን የሚሠራው ባለሙያ ከመጀመሩ በፊት የክሩን ዓይነት ይወስኑለት። ጊታሩን በቀጥታ ቴፕ ወይም የአዳራሽ ሚክሰር ላይ ሰክተው ድምፁ ቢደበዝዝ ጊታሩን አይውቀሱ፤ ፒካፕ ወደ 1 ሜጋ ኦም የሚጠጋ መግቢያ ይፈልጋል፤ የእነዚያ መግቢያ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ በመካከሉ ይህን የሚያጣጥም ዲአይ ቦክስ የተባለ ትንሽ ሣጥን ያስፈልጋል።

ያገለገለውን ለማየት ከመሄድዎ በፊት የእርስዎ ጊታር አዲስ ክር ገብቶለት፣ ነቱና ከፍታው ተስተካክሎ ይቅረብ፤ ከዚያ ሁለቱን በአንድ አምፕሊፋየር ላይ በየተራ እየሰኩ ያንኑ አምባሰል ይምቱባቸው። ነቱ እስኪሠራ ሦስት አራት ቀን ይወስዳልና ሻጩ እስከዚያ እንዲጠብቅዎ በጓደኛዎ በኩል ያስጠይቁ።